ወደ ግራ ያዘነበለ ዘንግ

የከተማችን የሚርኩር ሰው ሚስቱ ስትታማ ቢሰማ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፋል። የሠራውን የቫዮሊን ደጋን "ትንሽ ዘመም አላለብህም?" ያለውን ሰው ግን እስከ ልጅ ልጁ ይቀየመዋል። ስለዚህ በከተማችን ያልተጻፈ ሕግ አለ። ባለቤቱ ካልጋበዘ በቀር የሌላውን ሰው የደጋን ዘንግ አንስቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ነውር ነው። በሰው ማጀት ገብቶ ድስት ከፍቶ እንደማሽተት ይቆጠራል።

ደጋን ሠሪው ኤቫሪስት ኮለን በዚህ ሕግ ሥር ስምንት ዓመት ተጠልሎ ኖረ። መጠለሉን እሱ ራሱ አያውቅም። የምታውቀው ሚስቱ ፊሎሜን ብቻ ነበረች።

ነገሩ የጀመረው ከታላቁ ጦርነት ማግሥት ነው። ኤቫሪስት ለደጋኑ እጀታ የሚሆነውን ዞጲ ሲጠርብ ፍንጣሪ ዘሎ ቀኝ ዓይኑን መታው። ሦስት ሳምንት በጨርቅ ታስሮ ሲፈታ "ድኛለሁ" አለ፤ ሌላ ማን ገብቶ ያይለታል? ግራው ዓይን ከልጅነቱ ጀምሮ ጭጋግ እንጂ ሌላ አይታየውም። እናም ከአሥራ አራት ዓመቱ አንስቶ እንደለመደው ግራውን ጨፍኖ በቀኙ ማነጣጠሩን ቀጠለ። ያ ዓይን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጥ ያለውን ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘመመ አድርጎ ያሳየው ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ዓይኑን ይጠረጥር ነበር። ኤቫሪስት ደጋን ሠሪ ነውና እንጨቱን ጠረጠረ። "የዘንድሮው እንጨት ተንኮል አለበት" እያለ፣ ደህናውን ዘንግ የአልኮል ኩራዝ ላይ ያሞቅና ወደ ግራ ይቆለምመዋል። ከዚያ መስኮቱ ጋ ቆሞ ያነጣጥርና "አሁን ቀና" ይላል፤ ፊቱ እንደ ፋሲካ ዳቦ ያበራል።

ደጋን ወደ ውስጥ መጉበጡ ደንብ ነው፤ ካልጎበጠ የፈረስ ጭራውን አይወጥርም። ወደ ጎን ማዝመም ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ጎን ያዘመመ ደጋን በሙዚቀኛ እጅ ላይ ጌታውን እንደ ጠላ በቅሎ ነው፤ መንገዱን ትቶ ወደ ቦዩ ይስባል።

ፊሎሜን የደጋን ሠሪ ልጅ ናት፤ ሥራዋም ጭራ ማሰር ነበር። ባልየው ዘንጉን ጨርሶ ምስማር ላይ ይሰቅላል፤ እሷ ታወርድና የፈረሱን ጭራ አበጥራ፣ ጫፉን በክር ጠፍራ፣ በትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ታጠብቀዋለች። የመጀመሪያውን ጠማማ ዘንግ ስታገኝ ደንገጥ አለች። ሁለተኛውን ደጋግማ አነጣጠረችው። ሦስተኛው ላይ ገባት። ከምሳ በኋላ ኤቫሪስት ካርታ ሊጫወት ድልድዩ አጠገብ ወዳለው ካፌ ሲወጣ ጠብቃ፣ ኩራዙን ለኮሰች፤ ዘንጉን አሞቀች፤ አባቷ ሲያደርግ እንዳየችው በአውራ ጣቷ ተጭና አቀናችው። ሲበርድ ጭራውን አሰረችበት። ኤቫሪስት በተሸነፈ ፊት ከካርታው ሲመለስ ደጋኑ ተጠቅልሎ ገዥውን ይጠብቅ ነበር።

ስምንት ዓመት እንዲህ ሆነ። በመካከሉ ኤፒናል ከተማ በተደረገው ኤግዚቢሽን ኤቫሪስት ሜዳልያ ተሸለመ። ዳኞቹ በተለይ "የዘንጉን ቅንነት" አመሰገኑ። ፊሎሜን በዚያ ምሽት ሚራቤል ከሚባለው ፍሬ የሚወጣውን አረቄ አብራ ጠጣች፤ ከዚያ በፊት ጠጥታ አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ "ዓይንህን ለሐኪም ብታሳይ ምን ይመስልሃል?" ብላ ሞክራ ነበር። "ሜዳልያውን ያመጣው ምኔ ይመስልሻል፣ ጆሮዬ ነው?" አላት። ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች፤ ኩራዙን ግን አልዘጋችም።

በዚህ ዓመት የሙታን መታሰቢያ በዓል ሲያልፍ ፊሎሜን አልጋ ያዘች። ደረቷ ነው። ከብራዚል የሚመጣው የደጋን እንጨት ሲፋቅ ቀይ ብናኝ ያወጣል፤ ወጥ ቤታቸውም ሱቃቸውም አንድ ክፍል ስለሆነ ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ብናኝ ከሾርባዋ ጋር ውጣዋለች። አሁን ስታስል መሐረቡ ላይ የሚቀረው ቀይ የእንጨቱ ይሁን የእሷ አይለይም። ሐኪሙ ኤቫሪስትን ወደ ደጅ ጠርቶ አነጋገረው። ሲመለስ ሽንኩርት መላጥ ጀመረ። በዕድሜው ሽንኩርት ልጦ የማያውቅ ሰው ስለነበር ፊሎሜን ሁሉንም ተረዳች።

ሞቱን አልፈራችውም ማለት ውሸት ነው። ከሞቱ ይልቅ ዓይኗን የያዘው ግን ምስማሩ ላይ የተሰቀሉት ዘንጎች ነበሩ። ከተኛች ወዲህ አሥራ አንድ ሆነዋል፤ ጭራ የሚያስርላቸው የለም። ከአልጋዋ ሆና ስታያቸው አሥራ አንዱም ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ነፋስ የመታቸው መነኮሳት ይመስላሉ።

ከናንሲ ከተማ የተላከው ደጋን የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ባለቤቱ ሙሴ አርዱዋን የሚባል የቫዮሊን መምህር ነው። ደጋኑን ከመቶ ዓመት በፊት የሠራው የኛው ከተማ ሰው ነው፤ ቤቱ ከኤቫሪስት ቤት ሦስት መንገድ ማዶ ነበር፤ አሁን የከሰል መጋዘን ሆኗል። መምህሩ በደብዳቤው እንደጻፈው ደጋኑ ቀድሞ እሱን ያስተማረው ሰው ንብረት ነበር። ጉብጠቱ ከዕድሜ ብዛት ለቅቆ ስለነበር በሙቀት እንዲመለስለት ጠየቀ። "ይህን ነገር የምሰጠው ሜዳልያዎን ያገኘውን ደጋን አይቼ ነው" የሚል ቃልም ነበረበት።

ኤቫሪስት ሣጥኑን አልጋዋ ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ዘንጉ እንደ አሮጌ ወይን ጠጅ ጠቁሮ ቀልቷል፤ ጫፉ ላይ ያለችው የዝሆን ጥርስ ከጥፍር አትበልጥም። አንስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ግራውን ጨፈነ። ብዙ ቆየ።

"ፊሎሜን" አለ በመጨረሻ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጉብጠቱ ብቻ አይደለም። ወደ ቀኝ ያዘማል። መቶ ዓመት ሙሉ ስንት ሰው እጅ ገብቶ አንድም አላየውም። እኔ አየሁት።"

"እስቲ አምጣው" አለች።

ሰጣት። አነጣጠረች። እንደ ቱንቢ ክር ቀጥ ያለ ነበር። አባቷም እንዲህ ቀጥ ያለ ዘንግ ሠርቶ አያውቅም።

ያረጀ እንጨት አንዴ ይታዘዛል። አንዴ አሙቀው ካጎበጡት ብዙ ወራት ሳያልፉ እንደገና እሳት ማሳየት አይቻልም፤ ውስጡ ይደርቅና ይሰነጠቃል። አዲሶቹን ዘንጎች እሱ ያጣመመውን እሷ ስታቀና የኖረችው አዲስ ስለሆኑ ነው። ይህኛው ግን በኤቫሪስት እጅ ከተቆለመመ ተቆልምሞ ይቀራል፤ ወይም ይሰበራል። ናንሲ ሲደርስ ደግሞ መምህሩ ዓይን አለው። የኤቫሪስት ስም በአንድ ሳምንት ውስጥ ከካፌው ጠረጴዛ ሥር ይወድቃል፤ የሚርኩር ሰው የወደቀ ስም ሲያገኝ ደግሞ እንዴት እንደሚረግጥ እናውቃለን።

ሦስት ቀን ሞከረች። በመጀመሪያው ቀን ይህ ሥራ ለሌላው ደጋን ሠሪ ለሚሾ ቢሰጥ ይሻላል አለችው፤ እሱ የአሮጌ ደጋን ልምድ አለው። ኤቫሪስት ሚሾን ከጫማ ሰፊ ጋር አወዳድሮ፣ ጫማ ሰፊውን ይቅርታ ጠየቀ። በሁለተኛው ቀን እስከ ፀደይ ይቆይ፣ በዚህ ብርድ እንጨት ክፉ ነው አለች። መምህሩ ለገና ኮንሰርት አለበት ተባለች። በሦስተኛው ቀን "ጉብጠቱን ብቻ መልስለት፤ ጎኑን አትንካበት፣ እሱ አልጠየቀህም" አለች።

"ያየሁትን ጠማማ ትቼ ልላክለት?" አለ ኤቫሪስት። "አንቺ ሴትዮ ትኩሳትሽ ጨምሯል። ሐቀኛ ሰው እንዲህ አያደርግም።"

ያን ጊዜ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ፊቱን አየችው። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው፣ ቀይ ብናኝ ቅንድቡ ላይ የሰፈረበት፣ በደስታ የሚያበራ ፊት። ሐኪሙ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ሲያበራ አላየችውም። አፏን መልሳ ዘጋች፤ ሳል አስመሰለችው፤ ሳሉም እውነተኛ ሆኖ ቀረ።

በማግሥቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤቫሪስት ለኩራዙ አልኮል ሊገዛ ወጣ። ጎረቤታቸው ክሎቲልድ፣ ዳንቴል ሠሪዋ፣ ሾርባ አስቀምጣ ከሄደች ገና ቅርብ ነበር። ፊሎሜን ብርድ ልብሱን ገለጠች። ግድግዳውን ይዛ፣ ከዚያ ወንበሩን፣ ከዚያ የሥራ ጠረጴዛውን ይዛ ደጋኑ ጋ ደረሰች። አንስታ አንድ ጊዜ አነጣጠረችበት። ስታነጣጥር ከሦስት መንገድ ማዶ የነበረውን፣ ስሙን እንጂ መልኩን የማታውቀውን ሰው በልቧ ይቅርታ ጠየቀችው። በባሌ እጅ ከተበላሸ ስሙ ይሞታል፤ በኔ እጅ ከተሰበረ የታመመች ሴት ሰበረችው ይባላል፤ እኔ ደግሞ እንደሆነ መሄጄ ነው። የፊሎሜን ሒሳብ ይኸው ነበር። ጥሩ ሒሳብ መሆኑን እኔ አልምልም። ሰው ግን በትኩሳት ሲያስብ ከዚህ የባሰም አስቦ ያውቃል።

የደጋን ራስ ቀጭን አንገት አለው፤ በአፍጢሙ የድንጋይ ወለል ላይ ከወደቀ አይተርፍም። ይህን በከተማው የማያውቅ ሕፃን የለም። ክንዷን ዘረጋች፤ ራሱን ወደ ታች አድርጋ ለቀቀችው።

ድምፁ ትንሽ ነበር። ደረቅ ፍሬ በጥርስ እንደሚሰበር ያለ። ከዚያ እሷም አጠገቡ ወደቀች፤ ይኼኛው ማስመሰል አልነበረም።

ኤቫሪስት ሲገባ ሁለቱንም መሬት ላይ አገኛቸው። መጀመሪያ ያነሳው ደጋኑን ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችበትም፤ እሱ ግን በኋላ ለክሎቲልድ ራሱ ነገራት። የደጋኑ ራስ ተሰብሮ በክር ያህል ስንጥር ተንጠልጥሎ ነበር። አየው። ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። ከዚያ ሚስቱን በብብቷ ይዞ አልጋው ላይ መለሳት።

"ምን ፈልገሽ ነው የተነሳሽው?"

"ውሃ።"

ውሃው ከራስጌዋ ነበር። ኤቫሪስት ብርጭቆውን አየ፤ እሷን አየ። አምስት ቀን ከ"ሾርባ" እና ከ"መስኮቱን ልዝጋ?" በቀር ቃል አልተለዋወጡም። ክሎቲልድ እየመጣች ሁለቱንም ለማስታረቅ ሞከረች፤ ድንጋይና ድንጋይ መሐል ቅቤ እንደ መቀባት ሆነባት። ፊሎሜን ግን በውስጧ እርፍ ብላ ነበር። ይቀየመኝ፤ ቂም ይለቅቃል፤ የሚርኩር ሰው ሳቅ ግን አይለቅቅም፣ ትል ነበር።

በስድስተኛው ቀን ከናንሲ መልስ መጣ። ኤቫሪስት የጻፈውን የይቅርታ ደብዳቤ ሙሴ አርዱዋን ተቀብሎታል። ሰውዬው እንዳዘነ ጽፏል፤ ሳያለቅስ እንዳልቀረ ከጽሑፉ ያስታውቃል። ካሳ አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ኤቫሪስት ከገና በፊት በገዛ እጁ አዲስ ደጋን እንዲሠራለት። "መምህሬ በያዘው ቦታ የእርስዎን እይዛለሁ" ይላል የመጨረሻው መስመር።

ኤቫሪስት ደብዳቤውን ለፊሎሜን ጮክ ብሎ ሲያነብላት ድምፁ ከስድስት ቀን በኋላ ተመለሰ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፈነች። ያመለጠችው ጉድጓድ ከፊት ለፊቷ እንደገና ተቆፍሮ አገኘችው።

ዘጠኝ ቀን ሠራ። የመላጊያው ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማታል፤ ዘንጉ ሲቀጥን ድምፁም እየቀጠነ ይሄዳል። ሳታይ ታውቀዋለች፤ አሁን ራሱን እየቀረጸ ነው፤ አሁን ስምንት ማዕዘን የነበረውን ዘንግ እያከበበ ነው። እጁ አሁንም የጌታ እጅ ነበር። ካርታ አልሄደም። በዘጠነኛው ቀን ኩራዙ ተለኮሰ፤ የሞቀ እንጨት ሽታ መጣ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ "አሁን ቀና" ሲል ሰማችው።

ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ጭራ ገና አልታሰረበትም። "እይልኝ" አላት። ከቂም ወደ እርቅ የሚወስደው ድልድይ ይህ ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

ፊሎሜን ክንዷ ስለደከመ እሱ ጫፉን ደገፈላት። አነጣጠረች። ቅርጹ ውብ ነበር፤ ራሱ የዋኖስ ራስ ይመስላል። ዘንጉ ከመካከሉ ጀምሮ እንደ ማጭድ ወደ ግራ ሄዷል።

"ቀጥ ያለ ነው" አለች።

ኤቫሪስት ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው።

"ምን አልሽ?"

"ቀጥ ያለ ነው አልኩህ። ግሩም ነው።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት" አለ ቀስ ብሎ፣ "ዘንግ በሰጠሁሽ ቁጥር 'አስቀምጠው፣ ጭራውን ሳስር አየዋለሁ' ነው የምትይኝ። አንድ ቀን ግሩም ብለሽኝ አታውቂም። ሳገባሽ እንኳ 'ይሁና' ነው ያልሽው።"

እሷ ጣሪያውን አየች።

ኤቫሪስት ተነሳ። ወደ ምስማሩ ሄዶ አሥራ አንዱን ዘንግ እንደ ጭራሮ አቅፎ አመጣና ብርድ ልብሷ ላይ ዘረገፈው። "እነዚህስ?"

"ኤቫሪስት፣ ተው።"

"እነዚህስ?"

"ወደ ግራ" አለች። "ሁሉም።"

መጀመሪያ የመጣለት ጥያቄ ለምን የሚለው አልነበረም፤ ከመቼ ጀምሮ የሚለው ነበር። ከፍንጣሪው ጀምሮ ብላ ነገረችው፤ ኩራዙን፣ ካርታውን፣ አውራ ጣቷን፣ ሁሉን ዘረዘረችለት። አልጮኸም። እየሰማ አንዱን ዘንግ በጣቶቹ ይዳስስ ነበር፤ ጣት ግን እንደ ዓይን መጣመምን አያውቅም።

"የኤፒናሉስ?"

"እሱንም።"

"ታዲያ ሜዳልያው ያንቺ ነዋ።"

"ከራስጌዬ እንዳትሰቅለው" አለች፤ "ምስማሩን አንተ ከመታኸው ጠማማ ነው የሚሆነው።"

ሊስቅ ፈልጎ ከጉሮሮው ሌላ ድምፅ ወጣ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሳይዞር፣ ትፈራው የነበረውን ጠየቃት። "የናንሲው አሮጌ ደጋን... ቀጥ ያለ ነበር?"

"ቀጥ ያለ ነበር።"

"ውሃውም ከራስጌሽ ነበር።"

"ነበር።"

"ብትነግሪኝ ኖሮ" አለ፣ "ሣጥኑን ዘግቼ እመልሰው ነበር። መቶ ዓመት የኖረ ነገር ነው፣ ፊሎሜን። ይኖር ነበር።"

 "ለኔ ብለሽ አድርጊው ብዬ አልጠየቅኩሽም" ቢላት ይሻል ነበር፤ እሱ ግን አላላትም። ስለ ደጋኑ ብቻ ነው ያዘነው፤ ያ ደግሞ ሐቅ ስለነበር እንደ ድንጋይ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። አለቀሰች። እሱም አላባበላትም።

ከዚያ ኤቫሪስት የሥራ ጠረጴዛውን እየጎተተ አልጋው አጠገብ አደረሰው። ኩራዙን ለኮሰ። አዲሱን ዘንግ አንስቶ ከነበልባሉ በላይ ቀስ እያለ ማዞር ጀመረ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ለሰውዬው ቃል ገብቻለሁ። እጁ የኔ፣ ዓይኑ ያንቺ። ንገሪኝ።"

እንጨቱ ሲሞቅ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስደግፎ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ወዲያው አንስቶ ጫፉን ወደ ዓይኗ አቀረበ። "ገና ነው" አለች። "ከመሐሉ ትንሽ ወደ ራሱ።" እንደገና አሞቀ፤ ተጫነ፤ አቀረበ። "ገና።" ሦስተኛ፣ አራተኛ። በየመሐሉ ታስላለች፤ ሲያበቃ መሐረቡን ይቀበላትና ዘንጉን ይሰጣታል። አንድ ጊዜ "ቀስ በል፣ በቅሎ እየጫንክ መሰለህ እንዴ?" አለችው። "ባሏን የምታዝ ሴት አገባሁ" አለ፣ እጁን ሳያቆም።

በሰባተኛው ጊዜ ጫፉን አቀረበላት። ፊሎሜን አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ዘንጉ ነበር፤ ቀይ መስመር ሆኖ ነበር። ከዚያ መስመሩ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ ጠርዙ እንደ ጭስ ሟሟ። ዓይኗን አሻሸች። በሌላው ሞከረች። መስኮቱ ብሩህ ነበር፤ ቀኑ ገና አልመሸም።

ቀጥ ያለ ነው ብትለው ያምናት ነበር። አሁን ሌላ ማንን ያምናል?

"ቀና?" አለ ኤቫሪስት። "ቶሎ በይ፣ እየበረደ ነው።"

"አይታየኝም" አለች። "ኤቫሪስት፣ አይታየኝም።"

እንጨቱ ሊበርድ የቀረው ጥቂት ነበር፤ ከበረደ በያዘው ቅርጽ ይጠነክራል። ኤቫሪስት ዘንጉን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ መልሶ፣ አውራ ጣቱን መሆን አለበት ብሎ የገመተው ቦታ ላይ አደረገና ተጫነ። በግራ እጁ የፊሎሜንን እጅ ፈልጎ አገኘው፤ እጇ ከዘንጉ ቀድሞ በርዷል። ሁለቱም እንጨቱ እስኪጠነክር ጠበቁ። ይቅና ይጥመም ሁለቱም አያውቁም ነበር።